ሁለት በር ያላት ጀልባ

ቀነዓ ጉሉማ የወይዘሮ ብርቄን ፊት ማየት የተወው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ማዘንጊያ ይህን አስረግጣ መናገር ትችላለች። በነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር ሆና ስትሠራ ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ መጠየቅን ነው። በሽተኛው «ቆይቷል» ሲላት አትቀበልም፤ «ከመቼ ወዲህ?» ትላለች። በፋሲካ ዕለት ቀነዓ እቤታቸው ገበታ ቀርቦ ነበር። እናቷ አጉርሰውት፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደግመውለት፣ እየሳቀ ነው የሄደው። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ግን እናቷን በር ላይ ሲያገኝ እባብ እንደ ረገጠ ሰው ወደ ኋላው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ የሚልከው በሰው ነው። እናቷ በረንዳ ላይ ከተቀመጡ በጓሮ ዞሮ ይገባል። ምሳ ሲጠራ አንድ ቀን «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ላከ፤ የሚስዮን ልጅ፣ ያውም ካህናቱ እንኳ ረቡዕና ዓርብን በማይጾሙበት በሃምሳው ቀን። ወይዘሮ ብርቄ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ድርሻውን ከገበታ አነሡ። ማዘንጊያን ያስፈራት ይህ ነው።

በፋሲካ ዕለት በጓሮ በኩል ስትሸኘው «ከበዓሉ በኋላ አባቴ ሽማግሌ ይልካል» ብሏት ነበር። በዓሉ አለፈ። የቤታቸውን ደጅ የረገጠ ሽማግሌ ግን አላየችም።

አባቷ አቶ መሸሻ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የከተሙ የቡና ነጋዴ ናቸው። የቀነዓ አባት ኦቦ ጉሉማ ደግሞ በአቶ መሸሻ መጋዘን ሚዛን ላይ የሚቆሙ ሰው ናቸው። ልጁ ከሚስዮን ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ጋምቤላ ወርዶ፣ በወንዝ ጀልባ ላይ የሞተር ሥራ ለምዶ ሲመለስ የአቶ መሸሻን ወፍጮ ያዘ። ወይዘሮ ብርቄ ለሰው ሁሉ «ልጄ ነው» ይሉታል። ልጄ ነው ማለትና የልጄ ባል ይሁን ማለት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለማዘንጊያ የታሰበላት ሌላ ሰው ነው፤ የደብረ ብርሃን ተወላጅ፣ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ያለው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ዘሩም የሚታወቅ። እናቷ «ከደምቢዶሎ ስንመለስ ቃልሽን ትሰጪኛለሽ» ብለዋታል። ማዘንጊያም በልቧ ቆርጣለች። በዚህ መንገድ ላይ ቀነዓ እንደ ተዋት ካረጋገጠች፣ ለሰውዬው እሺ ልትል።

ወደ ደምቢዶሎ የሚሄዱት ጀልባ ሊመርጡ ነው። በየክረምቱ ባሮ ሲሞላ አቶ መሸሻ ጋምቤላ ወርደው ቡና ያስጭናሉ። አምና ቤተሰቡን ይዘው ቢወርዱ፣ መጋዘን ውስጥ ማደሩ ወይዘሮ ብርቄን ወባ አስይዞ ከሞት አፋፍ አደረሳቸው። ዘንድሮ ግን ቤተሰቡ ወንዙ መሃል፣ ነፋስ ባለበት የሚያድርበት የሞተር ጀልባ ይገዛል ተባለ። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሥራውን ዘግቶ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ለጥገና ወደ ደምቢዶሎ ግቢው ያወጣቸውን ሁለት ጀልባዎች ይሸጣል። ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች የሚለውን እንዲፈርድ የተመረጠው ቀነዓ ነው።

ነቀምቴን በማለዳ ሲለቁ ላንድሮቨሩን እሱ እንደሚነዳ ሁሉም ያውቅ ነበር። ቀነዓ ግን ቁልፉን ለአቶ መሸሻ አቀብሎ፣ ከኋላ በሚከተለው የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ባዶ ጆንያ መሃል ተቀመጠ።

«ምነው፣ ሸተትነው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

አቶ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንፋስ መቀበል ይወዳል።»

«ከላንድሮቨር ኋላ ያለው አቧራ ነው እንጂ ንፋስ አይደለም። አቧራ የሚወድ ደግሞ አህያ ነው። እኔ የማውቀው ልጅ አህያ አልነበረም።»

አቶ መሸሻ እስከ ጊምቢ ድረስ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ አወሩ።

ጊምቢ ላይ ለምሳ ሲወርዱ ቀነዓ ምግብ ቤቱ ውስጥ አልገባም። ማዘንጊያ ምግቡን በሳህን ይዛለት ወጣች። በጭነት መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘችው፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር በቀይ አቧራ ተለውሷል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ። ግራ የሚያጋባት ይህ ነው። ዓይኑ የዱሮው ዓይን ነው። ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እናትሽ እንዴት ናቸው? መንገዱ አልከበዳቸውም?»

«እዚህ ውስጥ ናት። ገብተህ ጠይቃት።»

ሳቀ። «ተይ እንጂ ማዜ።»

«ምኑን ልተው?»

«እያወቅሽ።»

«እኔ የማውቀው፣ በእጇ ያጎረሰችህን ሴት እንደ ተስቦ እንደምትሸሻት ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ጠፋ። እየቀለደች እንደሆነ ለማረጋገጥ ዓይኗን ፈለገ፤ እሷ ግን ዓይኗን ወደ መኪናው ጎማ መለሰች።

«እቤት የተነገረሽ ነገር የለም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የደብረ ብርሃኑን ሰው ወሬ የሰማ መሰላት። እልህ ያዛት። «ተነግሮኛል። ቃሌን ስንመለስ እሰጣለሁ።»

«ቃልሽ ምንድነው?»

«አንተን ምን አገባህ?»

ቀነዓ ሳህኑን ሳይነካው መሬት ላይ አስቀመጠው። ለአንድ አፍታ የሚናገር መስሏት ቆማ ጠበቀች። እሱ የተናገረው «እሺ» ብቻ ነው፤ እሱንም ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ስትመለስ እናቷ «በላ?» አሏት።

«በላ» አለች። የራሷን ምግብ ግን ሳትነካው ተወችው።

ደምቢዶሎ አድረው፣ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግሪኩ ግቢ ሄዱ። ሁለቱ ጀልባዎች በግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሣሩ ወገባቸው ድረስ በቅሎ ሲታዩ፣ እድሜ ልካቸውን ውሃ አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ስለነበር የተቀበላቸው የግቢው ጠባቂ ኦቦ ጆቴ ነው፤ ጥርሱ ከፊት የጎደለ፣ ወሬ የሚወድ ሽማግሌ።

«አካም ቡልታን? እንዴት አደራችሁ? ግቡ፣ ግቡ» አላቸው። «ነጯ ጀልባ ውስጥ ስትገቡ ግን ቀስ በሉ። ዶሮዬ ታቅፋባታለች።»

ነጯ ረጅምና ቀጭን ናት። ዙሪያዋን መስታወት ነው። ውስጧ አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን ግራና ቀኝ ያለው መቀመጫ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጎን ለጎን ይተኛበታል። ወይዘሮ ብርቄ ወጥተው ቁጭ አሉ። ዶሮዋ ከጥጉ ሆና ተቆጣቻቸው። እሳቸው ግን ልባቸው ተሰርቆ ነበር።

«ሳሎን እኮ ነው» አሉ። «እንግዳ ይቀበሉበታል።»

አረንጓዴዋ ድንቡሽቡሽ ያለች አሮጌ ናት። ሞተሯ መሃሏ ላይ በሣጥን ተዘግቶ፣ ከፊት አንድ ክፍል ከኋላ አንድ ክፍል አላት። የፊተኛው በር በግራ፣ የኋለኛው በቀኝ በኩል ይከፈታል። መስኮቶቿ ጠባብ ናቸው። ማዘንጊያ ገብታ የመስኮቶቹን ሽቦ ወንፊት በጣቷ እየዳበሰች መረመረች። ትንኝ አያስገባም። ይህን ለእናቷ መናገር ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ከቀነዓ ወገን የቆመች እንዳይመስልባት ተወችው። ደግሞስ ወንፊት ነጯም ላይ ይገጠማል።

ቀነዓ ሥራውን የሠራው ሳይቸኩል ነው። ሣሩ ላይ ተጋድሞ የሁለቱንም ሆድ ዕቃ አየ። ጣውላውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ አዳመጠ። የሞተሩን ዘይት በጨርቅ ነክቶ አሸተተ። ከዚያ እጁን ጠርጎ አቶ መሸሻ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ አረንጓዴዋን ይግዙ።»

«ነጯ ታፈሳለች?»

«አታፈስም።»

«ሞተሯስ?»

«ከአረንጓዴዋ ይሻላል። ትፈጥናለችም።»

«ታዲያ?»

ቀነዓ እጁን እንደገና ጠረገ። «ለማደር አረንጓዴዋ ትሻላለች።»

ወይዘሮ ብርቄ ከነጯ መስኮት አንገታቸውን አወጡ። «አንተ ቀነዓ፣ እስቲ ወደዚህ ዞር በልና ንገረኝ። ይህ ሳሎን ምን ጎደለው?»

ድምፃቸውን ሲሰማ ቀነዓ ጀርባውን ሰጣቸው። ግንባሩ የአረንጓዴዋን ጣውላ ሊነካ ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ነጯ አንድ ክፍል ብቻ ናት ይበሉልኝ» አለ።

«ጣውላውን ነው የሚያናግረው» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። ከጀልባዋ ወረዱ። በሣሩ መሃል ሲመጡ ነጠላቸው እሾህ ላይ ተይዞ ተጎተተ፤ አላስተዋሉም። «የምትሻለዋን እያወቀ የማትሻለውን ግዙ ይላል። ኦቦ ጆቴ፣ አሮጌዋን ካሻሻጠልዎት ምን ሊሰጡት ነው?»

«አዴ፣ እኔ የምሰጠው ዕንቁላል ብቻ ነው» አለ ጆቴ። «ነጯ ባትሸጥ ደስ የሚለኝም ለዶሮዋ ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ብርቄ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ወይ ምክንያቱን ይናገር፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ወፍጮውን ሌላ ሰው ይያዘው። ፊቴን የተጸየፈ ሰው እንጀራዬን አይብላ።»

ማዘንጊያ የእናቷን ድምፅ ታውቀዋለች። ይህ የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ቁስል ሲነካ የሚወጣ ድምፅ ነው። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩ ጀመር። ቀነዓ እንደ ቆመ ነው፤ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሷል። አንድ ቃል ቢናገር ይድናል፤ አይናገርም። አሁን እንዲህ እንዳለ ከሄደ ተመልሶ እንደማይመጣ ገባት። ተዋኝ ብላ የተናደደችበት ሰው ሊሄድ መሆኑን ስታይ ግን ንዴቷ ከየት እንደ መጣ ጠፋት፤ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር።

ቀረብ ብላ ከጎኑ ቆመች። ተኝቶ የሚያቃስት ሰው እንደምትጠይቅ አድርጋ፣ በዝግታ ጠየቀችው።

«በፊተኛው ክፍል ማን ነው የሚያድረው?»

«አባትና እናትሽ።»

«በኋለኛውስ?»

«ሞተሩን የሚይዘው ሰው።» ትንፋሹን ሳበ። «ከነባለቤቱ።»

ማዘንጊያ ጥያቄዋን አላቋረጠችም። «ነጯ አራት ሰው አታስተኛም?»

«ታስተኛለች። ግን በሯ አንድ ነው። ማልዶ የሚወጣና ማልዶ የሚገባ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንዱ ሲበላ ሌላው ያየዋል። በዚችኛዋ በግራ የሚወጣው በቀኝ የሚወጣውን አያየውም። አንድ ጀልባ ላይ ክረምቱን ሙሉ ከርሞ፣ ማንም ማንንም ሳያሳፍር መኖር ይቻላል።»

«ማን ነው ማንን የሚያሳፍረው?»

ቀነዓ አንገቱን ሰብሮ፣ ጀርባውን ለእናቷ ሰጥቶ ቆሟል። ማዘንጊያ አቋቋሙን አየችው፤ የትከሻውን አጣጣል፣ የእጁን አያያዝ። ይህን አቋቋም ከዚህ በፊት አይታዋለች። አምና ከቢላ ከተማ አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ያመጣ ጎልማሳ ነበር። መድኃኒቱን ሁሉ ገዝቶ፣ ደጅ ላይ እያደረ፣ የክፍሉን ደፍ ግን አንድ ቀን አልረገጠም። አሮጊቷ ሲያስሉ በሰማ ቁጥር ልክ እንዲህ አቀርቅሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ድሬሰሮቹ ጨካኝ ሲሉት፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «አማቱ ናት» አለቻቸው። «ሶዳ እንላለን እኛ። ፊቷን አያይም፣ ፊቷ ቆሞ አይበላም። ክብሯ ነው።»

ይህ እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም አለች በልቧ። መልሱን ግን ወዲያው አገኘችው። ያልታያት ሽማግሌ አልመጣም ብላ ስላመነች ነው። ሽማግሌ ሳይመጣ አማች የለም። አማች ካለ ደግሞ ሽማግሌ መጥቷል ማለት ነው።

ወደ ቀነዓ አልዞረችም። የዞረችው ወደ አባቷ ነው። አቶ መሸሻ ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር።

«አባባ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነበር?»

ባርኔጣው መዞሩን አቆመ።

«ኦቦ ዋቅወያና ኦቦ ጨመዳ መጥተው ነበር» አሉ አቶ መሸሻ። «መጋዘን ነው የመጡት።»

«መቼ?»

«ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ። ማግሥቱን።»

«የምን ሽማግሌ ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ። «ብርዝ አስቀድቼ የላክሁላቸው ሰዎች? የቡና ገበያ ሊነጋገሩ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ቤተሰቤን ላማክር ብዬ ነው የመለስኳቸው።»

«እና መቼ ሊያማክሩን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

አቶ መሸሻ የገበያ ሰው ናቸው፤ ዋሽተው እንደማያመልጡ ሲያውቁ እውነቱን በአጭሩ ይናገራሉ። «ጀልባው ከተገዛ በኋላ። ወንዙ መሃል ስንደርስ። ተቆጥተሽ የምትሄጅበት በማይኖርበት።»

ኦቦ ጆቴ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሳሉ ግን ረዘመበት።

ቀነዓ አሁንም አልዞረም። «ማዜ፣ መምጣታቸውን አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ጊምቢ ላይ ቃሌን እሰጣለሁ ያልሽው?»

«ስለ ሌላ ሰው ነበር። እናቴ ላሰበችው።»

ትከሻው ቀስ ብሎ ሲወርድ አየች። «እኔን እንቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነው ያደርኩት።»

«እንቢ ያልኩህ መስሎህ ለባለቤትህ ክፍል ትመርጣለህ?»

«ጀልባ የሚገዛው ለብዙ ዓመት ነው» አለ ቀነዓ። «ሐሳብሽን ብትለውጪስ ብዬ።»

ማዘንጊያ እጇን ጣውላው ላይ አሳረፈች፤ ከእጁ በአንድ ስንዝር ርቀት። ሰው ባለበት ከዚህ በላይ መቅረብ አይቻላትም። ግን ይህ ስንዝር ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ ሲያስረሳ ተሰማት። ብዙ ሌሊት ሲያነደው የቆየ ትኩሳት የለቀቀው ሰው ላቡን አውጥቶ ሲቀዘቅዝ እንደሚሆነው፣ ሰውነቷ ቀለላት።

ሁሉም አሁን የሚጠብቀው ወይዘሮ ብርቄን ነው። ቆመው የቀነዓን ጀርባ ብዙ አዩት፤ የራሰውን ሸሚዝ፣ ያቀረቀረውን አንገት። ላለፉት ሳምንታት እንደ ስድብ የቆጠሩትን ያን ጀርባ፣ የአማች አክብሮት መሆኑ ገብቷቸው፣ እንደ አዲስ አነበቡት።

«የቤተ ክርስቲያኑ ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ፣ ለባላቸው።

«አለ። ከነኦቦ ጉሉማ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን። ግን እቤቴ ነው፤ መጋዘን አይደለም። እኔም እኖራለሁ።» ነጠላቸው ላይ የተሰካውን እሾህ አሁን አይተው ነቀሉት። «ለደብረ ብርሃኖቹ እኔው እልክባቸዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኦቦ ጆቴ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሸሸኝ?»

«ሽማግሌ ከዚህ ወግ እስኪፈታችሁ ድረስ ነው፣ አዴ። አንዳንዱ የልጅ ልጅ ሲያይ ይፈታል።»

«እስከዚያ ማን ያጎርሰዋል?»

ወይዘሮ ብርቄ የነጠላቸውን ጠርዝ አንሥተው ፊታቸውን ከዓይናቸው በታች ሸፈኑ፤ ከቀነዓ ተቃራኒ በሆነው ጎን ዞረው፣ በግራ በኩል ባለው በር ወደ አረንጓዴዋ ጀልባ ገቡ። ነቀምቴ በኖሩበት ዘመን ሁሉ «የነሱ ወግ» ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ማዘንጊያ እናቷ ፊታቸውን ከሰው ሲሰውሩ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። አባቷ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ፤ በእፎይታ የተነፈሱት ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ከጠባቡ መስኮት የወይዘሮ ብርቄ ድምፅ መጣ። «ማዘንጊያ፣ ይህ መስኮት ይከፈት እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ቀነዓ ከመስኮቱ ሥር በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። «ይከፈታል በያቸው። መቀርቀሪያው ከታች ነው።»

«ይከፈታል ይላል፣ እማዬ። መቀርቀሪያው ከታች ነው።»

«ሳሎን አይደለም በይው። ግን ይበቃናል።»

«ሳሎን አይደለም፣ ግን ይበቃናል ትላለች።»

«እሳቸው በሚፈልጉት ቀለም እቀባታለሁ በያቸው።»

ሁለቱም እያንዳንዷን ቃል በደንብ ይሰማሉ። ማዘንጊያ ግን አንዲትም ሳታስቀር ከመስኮቱ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ መስኮቱ አደረሰች። እየሳቀች እንደሆነ ያወቀችው በድምፅዋ ነው፤ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው ግን እንባዋ ከአገጯ ላይ ሲንጠባጠብ ነው፤ ልትጠርገውም አልፈለገችም።